የሚንቀጠቀጥ አይገዛም

መኪናዬ ጥቁር ቀይ ናት። ወይም ነበረች። ከአንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ስገዛት ጥቂት ወዝ ነበራት፤ እሱንም እኔ በየሳምንቱ በልብስ ሳሙናና በወለል ብሩሽ ፈትጌ ጨረስኩት። በሦስተኛው ዓመት የደረቀ ጉበት መሰለች። ግድ አልነበረኝም። መኪና ለእኔ ከእንጅባራ ዝናብ የሚያስጥል ጣሪያ ነው፤ ጣሪያ ደግሞ ካላፈሰሰ ሌላ ምን ይፈለግበታል?

ግድ የሰጠኝ አባቴ እኔ ጋ ከመጡ በኋላ ነው።

አባቴ ፈረሰኛ ናቸው። "ነበሩ" ማለት ነበረብኝ፤ ግን እሳቸው ፊት "ነበሩ" ብሎ በሰላም የወጣ ሰው አላውቅም። ዳሌያቸውን የሰበራቸው ፈረስ አይደለም፤ የገዛ ደጃቸው ጭቃ ነው። ይህንን ለሰው መናገር አይወዱም። ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ ከእንግዲህ ኮርቻ ላይ መውጣት እንደማይችሉ ነገራቸውና ፈረሳቸው ለአጎቴ ልጅ ተሰጠ። እሳቸው ከገጠር ወደ እኔ ቤት ሲዛወሩ አንድ ጆንያ ልብስ፣ አንድ ምርኩዝና ግላሳቸውን ይዘው መጡ። ግላስ ማለት በበዓል ቀን ፈረስ ጀርባ ላይ የሚነጠፍ፣ ዘርፉ እስከ ጎኑ የሚወርድ ባለጥልፍ ልብስ ነው። ከልብሱ ጆንያ በፊት እሱን የምሰቅልበት ሚስማር አስመቱኝ።

በማግስቱ ጠዋት ግቢ ወጥተው መኪናዬን ዞሯት። ኮፈኗን መታ መታ አደረጓት።

"ዳማ ናት" አሉ። ዳማ ቀይ ቡናማ ፈረስ ነው፤ የእሳቸውም ፈረስ ዳማ ነበር። ቀጥለውም፣ "ማን ነው እንዲህ ያስራባት?" ብለው አዩኝ።

"መኪና አይራብም፣ አባዬ።"

"ታዲያ ምነው ጠጉሯ እንዲህ ቆመ?"

የአባቴ ጠባይ እንዲህ ነው፤ ጥያቄያቸው ሞኝ ይመስልና ሲያስቡት ትክክል ሆኖ ይገኛል።

በእኛ አገር በጥር ጊዮርጊስ ፈረሰኛው ሁሉ ሜዳ ይወጣል። አባቴ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ አንድም ጥር ቀርተው አያውቁም፤ እናቴ በሞተችበት ዓመት እንኳ ጥቁር ለብሰው ወጥተዋል። ታኅሣሥ ሲጋመስ ምግብ መተው ጀመሩ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ግላስ ያያሉ። ሐኪሙ ለእኔ ብቻ የነገረኝ ሌላ ነገርም ነበር፤ ዳሌያቸው ብቻ ሳይሆን ልባቸውም ደክሟል፣ የከርሞውን ጥር ያያሉ ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም ብሎኛል። ስለዚህ አንድ ቀን ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

"በመኪና አደርስዎታለሁ። ሜዳው ዳር አቆምና ሳይወርዱ ያዩታል።"

በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ፣ "እሺ። ግን አብርተሻት ነው" አሉ።

ይህ ኩራት ብቻ እንዳይመስል ማስረዳት አለብኝ። ከበዓሉ በፊት ወንዶቹ ፈረሶቻቸውን ወንዝ ወርደው ያጥባሉ፤ ከዚያ ጠጉሩ እስኪያብረቀርቅ በእጃቸው ያሻሉ። የደበዘዘ ፈረስ ይዞ ሜዳ መውጣት ነውር ነው። ከሁሉ የባሰው ነውር ደግሞ ገጣባ ይዞ መውጣት ነው፤ ገጣባ ማለት ኮርቻ ጀርባውን የላጠው፣ ቁስለኛ ፈረስ ነው። አባቴ ደጋግመው የሚያወሩት አንድ ታሪክ አለ። በወጣትነታቸው አንድ ሰው በሚያምር ግላስ ያጌጠ ፈረስ ይዞ ሜዳ መጣ። አባቴ የፈረሱን አረማመድ አይተው ጠረጠሩ። ጠጋ አሉና በሰው ሁሉ ፊት ግላሱን ብድግ አድርገው ገለጡት። ሥሩ ቁስል ነበር። ሰውዬው ፈረሱን እየጎተተ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሜዳ ላይ አልታየም።

"ግላስ ለማስጌጥ ነው እንጂ ለመሸፈን አልተሠራም" ብለው ነው ሁልጊዜ የሚጨርሱት። የሚያዳምጣቸው ሁሉ ይስቃል። እኔ ልጅ ሆኜ ስሰማው ፈረሱን የሚጎትተው ሰውዬ ነበር ዓይኔ ላይ የሚመጣው። ስለ እሱ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ከሰፈራችን ራቅ ብሎ የተጋጨ መኪና አቃንቶ ቀለም የሚቀባ ባትላሜራ አለ። መጀመሪያ የሄድኩት እሱ ዘንድ ነው። ግቢው ሙሉ መኪና ነበር። መኪናዬን በሩቁ አየና ሳቀ።

"እስከ በዓሉ? እህቴ፣ እኔ እስከ ፋሲካም አልደርስልሽ።"

"ራሴ ብሠራውስ?"

ስቆ ያሰናብተኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም። በጨርቅ እጁን እየጠረገ ምክር ሰጠኝ። "ማሽን ከገዛሽ ሁለት ዓይነት ያሳዩሻል። አንዱ እየተሽከረከረ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላው መሽከርከር ብቻ ነው። የሚንቀጠቀጠውን ግዢ። የሚሽከረከረውን ለእኛ ተይልን፤ እሱ እጅ ይፈልጋል።"

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምክር አለ? ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ያልሰማሁት ስላልገባኝ አይደለም።

ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ ቪዲዮ መፈለግ ጀመርኩ። ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ፣ አንድ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሰውዬ መኪና ላይ እጁን ሲያነሳ ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ተመልሶ ሲንቀሳቀስ መኪናው በርቶ አልቋል። መሐሉን አላየሁትም። አሁን ሳስበው ማየት የነበረብኝ መሐሉን ነበር። በዚያ ላይ አንዱ ስፖንጁ ቢጫ ይሁን ይላል፣ ሌላው ነጭ፤ አንዱ በዝግታ ጀምር ይላል፣ ሌላው ስለ ፍጥነት ትንፍሽ አይልም። ሦስት ቀን ካየሁ በኋላ ከበፊቱ የባስኩ ደንቆሮ ሆንኩ። የቢሮ ሥራ ላይ ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀኝ። ሳላውቅ መቅረት አልለመድኩም፤ እንደ ጉንፋን ያነጫንጨኛል።

እንጅባራ ውስጥ የጠየቅኋቸው ሱቆች የብረት መቁረጫ ነው ያሳዩኝ። አንዱማ "ስፖንጅ እንገጥምበታለን፣ ያው ነው" አለኝ። ያው አለመሆኑን ለማወቅ የሚበቃ ጥቂት እውቀት ነበረኝ፤ እሱም ተመስገን ነው። ዳንግላ ይገኛል ሲሉኝ አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ መኪናዬን አስነሳሁ። አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ መንገዱ ዳር ከተደረደረው የከሰል ጆንያ ጎን ሳቆም አንዲት ሴት በመስታወቱ በኩል አየችኝና መኪናዋን በዓይኗ ከላይ እስከ ታች ለካች። ከሰል የምጭንባት መስሏት ይሆናል። አልፈርድባትም።

ዳንግላ ያለው ሱቅ ከሚስማር እስከ ውኃ መሳቢያ ሞተር ይሸጣል። ባለሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ ነው።

"የመኪና ቀለም የሚያበራ ማሽን ፈልጌ ነበር።"

"ለባለቤትሽ ነው?"

"ለራሴ ነው።"

"ጋራዥ አለሽ?"

"የለኝም።"

"ታዲያ?"

"መኪና አለኝ" አልኩት።

ሁለት ማሽን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የመጀመሪያውን ሰካው። ማሽኑ ወባ እንደያዘው ሰው ተርገፈገፈ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበሩ ብሎኖች ሳይቀሩ አብረውት ተንጫጩ። ስፖንጁን በመዳፉ ጫን ሲያደርገው መሽከርከሩን ተወና መንቀጥቀጡ ብቻ ቀረ።

"ለጀማሪ ይኸኛው ይሻላል ይላሉ" አለ፣ ብዙም ሳያምንበት። "ጉልበት ግን የለውም፤ እንዳየሽው ነው።"

ጀማሪ የሚለው ቃል አናደደኝ። ሁለተኛውን እጄ ላይ አስያዘኝና ሰካው። ከባድ ነው፤ ጎኑ ላይ መያዣ አለው። ስጫነው አልተንቀጠቀጠም። አጓራና ወደፊት ሳበኝ፤ በሁለት እጄ ያዝኩት። ውስጤ የሆነ ነገር "ይኼ ነው" አለ።

ያ የሆነ ነገር ምን እንደነበር አሁን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ በገበያ ቀን ዋዜማ የሰፈሩ ወንዶች እኛ ቤት ይሰበሰቡና ስለሚገዛና ስለማይገዛ ፈረስ ይከራከሩ ነበር። ጠላ የምቀዳው እኔ ነበርኩ። የአባቴን ፍርድ በቃሌ አውቀው ነበር፦ የሚንቀጠቀጥ አይገዛም። ሲጫኑት የሚቆም አይገዛም። ልጓም የሚስበውን ውሰድ፤ የጋለውን ማብረድ ይቻላል፣ የቀዘቀዘውን ግን ማንም አያግለውም። ወንዶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም ማንቆርቆሪያዬን ይዤ እነቀንቃለሁ።

ዳንግላ ሱቅ ውስጥ ቆሜ በአንድ ጆሮዬ የባትላሜራው ምክር፣ በሌላው የአባቴ ቃል ነበር። የአባቴ ቀድሞ የገባ ነው። ወባ የያዘውን ትቼ የሚስበውን ወሰድኩ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጥሩ ፈረስ ገዝቶ የሚመለስ ሰው ምን እንደሚሰማው ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ቅዳሜ ጠዋት አባቴን በባጃጅ አክስቴ ዘንድ ላክኋቸው። ሲመለሱ እንዲደነግጡልኝ ፈልጌ ነበር። ደንግጠዋል።

መኪናዋን አጠብኩ፣ አደረቅሁ። ከወጥ ቤት የመብራት ገመድ ሳብኩ። ከማሽኑ ጋር የገዛሁትን ነጭ ማበሪያ ቅባት ስፖንጁ ላይ አድርጌ ማሽኑን ገና መኪናዋን ሳይነካ አስነሳሁት፤ ቅባቱ በሙሉ ግድግዳው ላይ፣ ጠጉሬ ላይና የታጠበ አንሶላ ላይ ሄደ። ራሴን ሰድቤ እንደገና ጀመርኩ። ከሾፌሩ በር ነበር የጀመርኩት። ማሽኑ ይስበኛል፣ እኔ እመልሰዋለሁ። ትንሽ ስንታገል ቆየንና በጨርቅ ስጠርገው በሩ ውስጥ አንዲት ሴት ጥርሷን አውጥታ ትስቃለች። እኔ ነኝ። ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ያ ጥቁር ቀይ ከየት መጣ? ለካ እዚያው ነበር። የኋላውን በር ሠራሁ፤ እሱም በራ። አባቴ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ክንዳቸውን አውጥተው፣ ሜዳው ዳር ተቀምጠው ታዩኝ። ጓደኞቻቸው በፈረስ መጥተው ሲከቧቸው ታየኝ።

ከዚያ ወደ ኮፈኑ ሄድኩ።

የመኪናዬ ኮፈን መሐሉ ላይ ከመስታወቱ እስከ ፊቱ የሚወርድ ከፍ ያለ መስመር አለው። ቀለሙ ከሁሉም ይልቅ እዚያ ላይ ደብዝዟል። የደበዘዘ ነገር የበለጠ መታሸት አለበት፤ ይህ ማንም ሰው የሚያስበው ነው። ፍጥነቱን ጨመርኩ፣ ክብደቴን አሳረፍኩበት፣ መስመሩን ተከትዬ ወረድኩ። የሆነ ሽታ ሸተተኝ፤ ወጥ ያረረ መስሎኝ ወደ ወጥ ቤት ዞርኩ። እጄ ግን እዚያው ነበር። መልሼ ሳይ ቀዩ ሮዝ ሆኗል። እኔም፣ ሞኟ፣ ሮዙን ለማጥፋት የበለጠ ተጫንኩት። ሮዙ ግራጫ ሆነ። ከግራጫው ውስጥ ብረት ብልጭ አለ።

ማሽኑን አጠፋሁት። ስፖንጁ ደም የነካው ይመስል ቀልቷል። መስመሩ ላይ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ የሚሆን ቦታ ተልጧል። መብራት ዓመቱን ሙሉ እንጀራ ምጣድ ላይ እያለ፣ ልብስ ተኩሼ ሳልጨርስ፣ ስብሰባ መሐል ይጠፋል፤ ያን ዕለት ብቻ፣ ቢጠፋ በሚያድነኝ ሰዓት፣ ብልጭ እንኳ አላለም።

ባትላሜራው ጋ ደወልኩ።

"የትኛውን ገዛሽ?" አለ፣ ገና ሳልጨርስ።

"የሚሽከረከረውን" አልኩ።

"እሺ፣ ቀለሙ ወጥቷል ወይስ ብረት ይታያል?"

"ብረት ይታያል።"

"ውይ" አለ። ከልቡ ነበር ያለው፤ ለዚህ ነው ያስለቀሰኝ። ቀለሙ ከባሕር ዳር ተመሳስሎ መምጣት እንዳለበት፣ ኮፈኑም በሙሉ መቀባት እንዳለበት፣ ከበዓሉ በፊት እንደማይሆን በእርጋታ አስረዳኝ። ያን ያህል መልካም ባይሆን ኖሮ እሱን ልቆጣ እችል ነበር። የምቆጣው ሰው አጣሁ።

አቅም ሲያጣ ሰው ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የሚፈልግ ካለ ይኸው፦ ቤት ገብቼ የጥፍር ቀለም አመጣሁ። ጥቁር ቀይ ነበር። በዚያች ትንሽ ብሩሽ ተንበርክኬ መቀባት ጀመርኩ። አንድ ስንዝር ሳይሞላ ጠርሙሱ አለቀ። ራቅ ብዬ ሳየው ቁስል ላይ ደም የጨመርኩበት ይመስላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አልነበረኝ።

አባቴ ከሰዓት በኋላ መጡ። ባጃጇ በር ላይ ስትቆም ሮጬ ወጣሁና ምርኩዛቸውን እያቀበልኩ ብዙ አወራሁ፤ አክስቴ እንዴት ናት፣ ምሳ በልተዋል ወይ፣ ብርድ አልነካዎትም ወይ። በበሩ በኩል መኪናዋ ታየቻቸውና ፊታቸው በራ። የቀረቡት በሠራሁት በር በኩል ነበር። ቆመው ራሳቸውን አዩበት፤ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ።

"አቤት፣ አቤት" አሉ። "ዳማዬ።"

ከዚያ ወደ ፊት ዞሩ።

ምርኩዛቸውን በግራ ያዙና ቀኝ መዳፋቸውን የተላጠው ላይ አሳረፉ። የጥፍር ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና እጃቸው ላይ ቀላ። በአዊኛ ለራሳቸው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ከፈረስ ጋር የሚያወሩበት ድምፅ ነበር።

"አጥንቱ ላይ ተጫንሽው" አሉ በመጨረሻ።

"አባዬ፣ እኔ..."

"ፈረስ ስታሺ ሥጋው ላይ ትጫኛለሽ። አጥንቱ ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ አከርካሪው ላይ ስትደርሺ እጅሽን ቀለል ታደርጊያለሽ። እዚያ ላይ ቆዳው ስስ ነው፤ ሥሩ ሥጋ የለው። የመኪናም ቆዳ እንደዚያው ነው ማለት ነው።"

"እንዴት አውቄ?" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ፤ የተቆጣሁት በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም። "አንድ ቀን እንኳ አሳሽተውኝ ያውቃሉ? ውኃ አምጪ፣ ጠላ ቅጂ፣ ከፈረሱ ራቂ ሴት ልጅ ይረግጥሻል! የፈረስ ግዢውን ስትነጋገሩ ሰማሁ፤ አስተሻሸቱን የት አይቼ!"

ለአባቴ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። አፌን በእጄ ያዝኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

"እውነትሽን ነው" አሉ። "አላሳየሁሽም።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ለጋ ቅቤ አምጪ አሉኝ፤ አመጣሁ። በአውራ ጣታቸው እየቆነጠሩ የተላጠውን ቦታ ቀቡት፤ ለገጣባ ፈረስ እንደሚያደርጉት፣ ከዳር ወደ መሐል፣ ቀስ እያሉ። እኔ የቅቤውን ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። በእርግጥም እስከ ዛሬ ያ ቦታ አልዛገም።

በበዓሉ ጠዋት ነጭ ልብሳቸውን አልጋው ላይ አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። አልለበሱም።

"አባዬ፣ ይረፍዳል።"

"አልሄድም።"

"መኪና እኮ ናት! አያማትም!"

"ገጣባ ይዞ ሜዳ አይወጣም" አሉ፤ በቃ።

ባጃጅ ልጥራ አልኳቸው፤ በተከራየ ፈረስ ሜዳ የወጣ ሰው አላውቅም አሉኝ። ከመኪናው ወርደው በእግር ይግቡ፣ እኔ እደግፍዎታለሁ አልኩ፤ ዳሌያቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ለመንኩ። ተንበርክኬ ለመንኩ። ሐኪሙ የነገረኝ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዘንድሮ ካልሄዱ መቼ ሊሄዱ ነው ብዬ መጮህ ፈልጌ ነበር። እንዴት ተደርጎ ይባላል? ይኼ ሁሉ በእኔ እጅ መበላሸቱን ሳስብ እጄን ማየት ጠላሁ።

ወንበር ግቢ አውጥቼ አስቀመጥኋቸው። ፈረሶቹ በአስፋልቱ በኩል ማለፍ ጀመሩ። ከአጥሩ በላይ የሚታየው የፈረሰኞቹ ጭንቅላትና የጦራቸው ጫፍ ብቻ ነው። አባቴ ግን አያዩም ነበር፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። "ይኼ ኋላ እግሩ ላይ ይሰንፋል" ይላሉ። "ይቺ አዲስ ናት፣ አላውቃትም።" አንዱ ኮቴ ሲያልፍ ግን ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። የአጎቴ ልጅ ነበር፣ በእሳቸው ፈረስ ላይ።

ከሰዓት በኋላ ከሜዳው የሚመለሱ ሰዎች ድምፅ በራችን ላይ ቆመ። ሦስቱ የአባቴ ጓደኞች ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ጎን ለጎን የጋለቡ ሽማግሌዎች። ከፈረስ ሲወርዱ ሲያቃስቱ ይሰማል። መኪናዋ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ቅቤ እንደተቀባች ቆማለች። ወዴት ልደብቃት?

"ግላሱን አምጪ" አሉ አባቴ።

አልገባኝም።

"ቶሎ በይ ልጄ! ግላሱን!"

ሮጬ ከሚስማሩ አወረድኩት። አባቴ ከወንበሩ ለመነሳት የማንንም እጅ አልጠበቁም። ምርኩዛቸውን ጥለው በመኪናዋ እየተደገፉ፣ ግላሱን ከእጄ ወስደው ኮፈኑ ላይ ዘረጉት። ዘርፉን በሁለቱም ጎን እኩል አወረዱት። የቁስሉ ጫፍ ወደ ፊት ትንሽ ታየ፤ ሳብ አድርገው ሸፈኑት። በሩ ሲከፈት ከመኪናዋ ጎን ቀጥ ብለው ቆመው ነበር።

"ምነው ቀረህ?" አለ የመጀመሪያው ሽማግሌ። "ቦታህን ይዘን ስንጠብቅ!"

"ወገቤ እምቢ አለኝ" አሉ አባቴ። "እሷማ ምኑን አስቀረችው። ተመልከቱ፣ ልጄ እንደ መስታወት አድርጋልኝ ነበር። ስንዱ ነበርን። እኔ ነኝ ያልቻልኩት።"

ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ፊታቸውን አዩ፤ አንዱ ጢሙን አበጠረበት። "እሰይ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ" አሉኝ ተራ በተራ። ሁለተኛው በግላሱ ሳቀ፤ መኪናዋንም ጫንካት እንዴ፣ ጉድ ነህ እኮ፣ እያለ ጠጋ ብሎ የኮፈኑን ብርሃን ሊያይ የግላሱን ጫፍ ያዘ።

አባቴ እጁ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

"ተወው" አሉ። "የተጫነ ፈረስ ግላስ አይገለጥም።"

ሁሉም ሳቁ። አባቴም አብረው ሳቁ። እኔን ግን አላዩኝም። ፈረሱን እየጎተተ የሄደው ሰውዬ ታሪክ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አልተነሳም፤ ከዚያ በኋላም አባቴ ሲያወሩት ሰምቼ አላውቅም። የሚቀጥለው ጥር ሲመጣ ከአልጋ መውረድ አቁመው ነበር። ያኔ ግን ገና ቆመው ነበር፣ እጃቸው ግላሱ ላይ፤ ሽማግሌዎቹም ጠላ ይጠብቃሉ፤ እኔም ማንቆርቆሪያውን ይዤ መሐላቸው ቆሜ መጀመሪያ ለማን እንደምቀዳ ጠፋኝ።